አዲስ ቸርኬ ካስገጠማችሁ በኋላ የምትበራው ቢጫ መብራት

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ሆጤ፣ እናቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። በረካው ሳይደርስ ጎረቤታችን ስልካቸውን አቀበሉኝ። ልጃቸው ዴንቨር ከገባ ገና ስምንት ወሩ ነው። የመኪናውን ዳሽቦርድ ፎቶ አንስቶ ልኮላቸዋል።

«አንተ እዚያ አገር ስለኖርክ ታውቀዋለህ ልጄ። ይቺ ቢጫ መብራት ምንድን ናት? ጎማው ሊፈነዳበት ነው እንዴ?»

ደወልኩለት። ለበረዶው ወቅት ብሎ አራት ያገለገሉ ቸርኬዎችን ከነበረዶ ጎማቸው ከሰው ገዝቷል። ጎማዎቹ ጥሩ ናቸው። ካስገጠመ ጀምሮ ግን መብራቷ አልጠፋ አለችው። ሦስት ጊዜ ንፋስ አስሞልቷል፤ ለውጥ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «መኪናውን ስታስነሳ ዝም ብላ ነው የምትበራው ወይስ መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ትላለች?»

«አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትልና ከዚያ በርታ ትቀራለች፣ ጋሼ።»

መልሱ እዚያው ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ወደ አሜሪካ የምትወጡ ልጆች ብዙ ስለሆናችሁ፣ ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

መብራቷ የፈረስ ጫማ የመሰለች፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት ናት። ሳትርገበገብ ከበራች የአንዱ ጎማ ንፋስ ቀንሷል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የምትበራው ንፋሱ ከሚመከረው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። 32 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ ነው) ለሚፈልግ መኪና 24 ላይ ማለት ነው፤ ይህ ብዙ ጉድለት ነው። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን የምትለው ሌላ ነው፦ መኪናው ጎማዎቹን ማንበብ አልቻለም። ይህን ንፋስ በመሙላት አታስተካክሉትም።

ለምን ማንበብ ያቅተዋል? በአብዛኞቹ መኪኖች እያንዳንዱ ቸርኬ ውስጥ፣ ንፋስ የሚሞላባት ቀዳዳ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ሴንሰር አለች። ንፋሱን ለክታ በሬዲዮ ለመኪናው ትልካለች። እያንዳንዷ የራሷ መለያ ቁጥር አላት። ቸርኬውን ስትቀይሩ ሴንሰሯ ከአሮጌው ቸርኬ ጋር ጋራዥ ውስጥ ቀረች። አዲሱ ሴንሰር የለው ይሆናል። ወይም አለው፣ ግን መኪናው ቁጥሩን አያውቀውም። ወይም ባትሪዋ አልቋል። ባትሪዋ ከ5 እስከ 10 ዓመት ትሠራለች፤ ስታልቅ ሴንሰሯ እንዳለች ትቀየራለች እንጂ ባትሪ ብቻ አይቀየርላትም። ያገለገለ ቸርኬ ስትገዙ ይህን አስቡ።

እኔ ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንደዚሁ ቸርኬ ቀየርኩ። አንድ ጎማ ቤት «ችግር የለውም፣ እንደበራች ንዳው» አሉኝ። አራት ወር ነዳሁት። አንድ ሌሊት ከሥራ ስመለስ አውራ ጎዳና ላይ መሪው ወደ ቀኝ ይስበኝ ጀመር። የኋላው ጎማ ምስማር ወግቶት ንፋሱ ቀስ እያለ አልቆ ነበር። መብራቷ ቀድሞውኑ በርታ ስለነበር ምንም ልትነግረኝ አልቻለችም። እግዚአብሔር አተረፈኝ። ስለዚህ «ልማዷ ነው» ብላችሁ አትተዋት፤ በፕላስተርም አትሸፍኗት።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቸርኬው ውስጥ ለመኪናችሁ የሚሆን ሴንሰር መኖሩን አረጋግጡ። ሁሉም በአንድ ሞገድ አይሠሩም፤ 315 ሜጋኸርዝ የሚጠቀም አለ፣ 433 የሚጠቀም አለ። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ሳትናገሩ ከኢንተርኔት ርካሽ ብላችሁ አትግዙ። ቀጥሎ መኪናው አዲሶቹን ቁጥሮች መልመድ አለበት። አንዳንዱ መኪና ጥቂት ከተነዳ በኋላ ራሱ ይለምዳል። አንዳንዱ ቆሞ፣ በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ትንሽ መሣሪያ እየተያዘ ይለመዳል። ቁጥሩ በኮምፒውተር ካልገባለት የማይቀበልም አለ። በየዓመቱ የበጋና የበረዶ ጎማ የምትቀያይሩ ከሆነ፣ የአሮጌዎቹን ቁጥር አዲሶቹ ላይ እንዲገለብጡላችሁ ጠይቁ። ያኔ መኪናው መቀየሩንም አያውቅ፤ በየወቅቱ ለማስለመድ ከመክፈልም ትድናላችሁ።

ቸርኬው ውስጥ ሴንሰር ጭራሽ የሌላቸው መኪኖችም አሉ። እነሱ የጎማውን የመሽከርከር ፍጥነት ከፍሬን ሲስተሙ ወስደው ያነጻጽራሉ። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ሴንሰር እንዳትገዙ። ንፋሱን አስተካክላችሁ ከሜኑው ወይም ለዚሁ ከተሠራው መጫኛ ቁልፍ ያንን ንፋስ እንደ አዲስ መነሻ እንዲይዝ አድርጉት፣ በቃ። የትኛው እንደሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል።

አሜሪካ ከ2008 ሞዴል ወዲህ ያሉ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ፣ በአንዱ መንገድ ወይም በሌላው፣ የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ ሲስተም አላቸው። በሕጉም ጥገና ቤት በደህና እየሠራ ያለን የደህንነት ዕቃ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አይፈቀድለትም። ሴንሰር የሌለው ቸርኬ ይዛችሁ ሄዳችሁ «አንገጥምም» ቢሏችሁ ንቀት መስሏችሁ አትከፉ።

ስለ ንፋሱ ልክ ደግሞ አደራ። ትክክለኛው ቁጥር የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ክፈፉ ላይ የተለጠፈው ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ እስከዚያ አትሙሉ። ስትለኩ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ይሁን። ከተነዳ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይረፍ። የአየሩ ሙቀት 5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በወረደ ቁጥር ንፋሱ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ውርጭ የወረደ ቀን የሰፈሩ መኪና ሁሉ ቢጫ የሚያበራው ለዚህ ነው። ጎማ የሚደፍን ፈሳሽ ከመጨመራችሁ በፊትም ለሴንሰር እንደሚስማማ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ሴንሰሯን ይደፍናታል።

ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ጎማ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከጅቡቲ በባቲ በኩል የሚመጡ የከባድ መኪና ሹፌሮች መንገድ ዳር ቆመው ጎማውን በብረት መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ሲያዳምጡ አይተናል። የሐረጎን ዳገት ለመውጣትም ለመውረድም ጎማ ሳያዩ አይነሱም። ያ ልማድ እዚያም ይዛችሁት ሂዱ። መብራቷ የምታግዝ እንጂ የእናንተን ዓይን የምትተካ አይደለችም። ቸርኬ ከተቀየረ በኋላም ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ብሎኖቹን በልኩ አስጠብቁ። ሊላሉ ይችላሉ።

የዴንቨሩ ልጅ ለአራት ሴንሰር የሚሆን ብር እስከ ወር ደመወዙ የለውም። እስከዚያ ትንሽ የንፋስ መለኪያ ገዝቶ በየሁለት ቀኑ ጠዋት አራቱንም እንዲለካ፣ ቁጥሩንም በስልኩ እንዲጽፍ ተስማማን። እናቱ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ለኔም ላክልኝ ቁጥሩን» አሉት። ትናንት ጠዋት ጠሩኝና አሳዩኝ። 33፣ 33፣ 32፣ 29።

«አራተኛው ለምን አነሰ?» አሉኝ።

ልጁ ዛሬ ጎማውን ሊያስፈትሽ ሄዷል።