የወርቅ ቁፋሮ ሂሳብ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጃቸውን ለመሸኘት ለሚያስቡ ቤተሰቦች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ወርቅ ቦታዎች ለመሄድ የሚነሣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የያዘው ማስረጃ «እገሌ በአንድ ወር ይህን ያህል ግራም አገኘ» የሚል ወሬ ብቻ ነው። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከጉድጓድ የወጣው ወርቅና ቆፋሪው ቤቱ ይዞት የሚገባው ገንዘብ በጣም የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ጉዞው ከመቆረጡ በፊት ቤተሰቡ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አንድ ላይ እንዲቀመጥ አጥብቄ እመክራለሁ። እዚህ የማነሣቸው ምሳሌዎች በብዛት የምዕራብ አፍሪካ ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ በወርቅ የኖሩ ከተሞች እዚያ ስላሉ፣ ወርቅ ለሠራተኛው ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚወስድበት በነርሱ ላይ በግልጽ ይታያል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ክፍያው ደመወዝ ነው ወይስ ድርሻ የሚለው ነው። በጋና፣ በማሊ፣ በጊኒና በቡርኪና ፋሶ ባህላዊ ቁፋሮዎች ቆፋሪው ባመዛኙ ቋሚ ደመወዝ የለውም። ባለ ጉድጓዱ ወይም ገንዘብ ያወጣው ሰው ምግቡን፣ ገመዱንና የውሃ መሳቢያውን ነዳጅ ይችላል፤ ወርቅ ሲወጣ ወጪው ቀድሞ ይነሣና የቀረው ይከፈላል። በአገራችንም የሚሄደው ሰው ተመሳሳይ ውል ሊቀርብለት ስለሚችል ሂሳቡን በቁጥር መሥራት ይገባል። ለማሳያ ያህል እንበል፦ 10 ሰዎች ሦስት ወር ሠርተው 200 ግራም አወጡ። ወጪው በወርቅ ሲተመን 60 ግራም ቢሆን 140 ግራም ይቀራል። ባለ ጉድጓዱ ግማሹን ከወሰደ 70 ግራም ለ10 ሰው ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 7 ግራም ይደርሰዋል። ጥራቱ 90 በመቶ ከሆነ ንጹሁ ወርቅ 6.3 ግራም ነው፤ ይህም የሦስት ወር ልፋት መሆኑን አይርሱ። «200 ግራም ወጣ» የሚለው ወሬ ደሴ ሲደርስ ይህ ሁሉ ቅናሽ አብሮት አይመጣም። እርስዎ የራስዎን ቁጥሮች ያስገቡ፣ የደረሰውን ንጹህ ግራም በወርቅ ዋጋ አባዝተው ውጤቱን ለሦስት ወር ያካፍሉና ልጁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም ግንባታ ላይ በወር ከሚያገኘው ጋር ያነጻጽሩ። ወርቅ ሳይወጣ ቢቀር ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ቆፋሪው ዕዳ የሚሸከምበት ውል ከሆነ አለመሄዱ ይሻላል።

ከድርሻው ላይ ደግሞ ኑሮው ይቀነሳል። ወርቅ ባለበት ቦታ ውሃው፣ እንጀራው፣ የስልክ ካርዱና መድኃኒቱ ሁሉ ከከተማ ይልቅ ይወደዳል፤ የሚሸጠውም በዱቤ ነው። ዱቤ የሰጠው ሰው ራሱ ወርቅ ገዢ ከሆነ ቆፋሪው ወርቁን ለሌላ የመሸጥ ነጻነቱን ያጣል፤ የተባለውን ዋጋ ይቀበላል። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ወር ስንቅና የመመለሻ የትራንስፖርት ገንዘብ ለብቻ ይያዝ፤ የመመለሻው ገንዘብ እንዳይነካ እናት ወይም እህት ዘንድ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

ምግብ ለመሸጥ ወይም ሱቅ ለመክፈት የሚያስቡም አሉ። ይህ ከቁፋሮው የተረጋጋ ገቢ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን የከተማው ሕይወት በአንድ ነገር ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን ኦቡዋሲን ማየት ይበቃል። ከኩማሲ በስተደቡብ የሚገኘው ይህ የጋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 በተቋቋመው የአሻንቲ ጎልድፊልድስ ኩባንያ ማዕድን ዙሪያ ያደገ ነው። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ምርት ሲያቆም ሠራተኞቹ ተሰናበቱ፤ ደመወዝተኛ ደንበኛ የነበራቸው ነጋዴዎች፣ ቤት አከራዮችና ታክሲ ነጂዎችም ገበያቸው አብሮ ቀዘቀዘ። እንደገና ወርቅ የቀለጠው እ.ኤ.አ. በ2019 ታኅሣሥ ወር አካባቢ ነው። አምስት ዓመት መጠበቅ የሚችል ሱቅ ብዙ አይደለም። በመሆኑም ያለ የሌለ ገንዘብን በዕቃ አስገብቶ መሄድ አይገባም፤ ለዱቤ የሚሰጠውም ቢቀር ቤት የማያፈርስ መጠን ብቻ ይሁን።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልመለስ፤ ይኸውም ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ፈሳሽ ብረት ነው። የታጠበው ጥቁር አሸዋ ላይ ሜርኩሪ ሲጨመር የወርቁን ብናኝ ሰብስቦ ብርማ ልቁጥ ይሆናል። ልቁጡ በጨርቅ ተጨምቆ ውሃ መሰሉ ሜርኩሪ ይወርዳል፤ በጨርቁ ውስጥ የቀረው ጠንካራ ኳስ ግን ግማሽ ያህሉ አሁንም ሜርኩሪ ነው። ከዚያ በእሳት ሲነድ ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ትነቱ ቀለምም ሽታም ስለሌለው አጠገቡ የቆመው ሰው መመረዙን አያውቅም፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የመርሳት ችግርና የነርቭ ጉዳት የሚታዩት ቆይተው ነው። በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ ልትቀርብ አይገባም። የሚሄደው ሰው ልቁጥ በባዶ እጁ እንዳይነካ፣ በማብሰያ ድስት ወይም በመኝታ ቤት እንዳያነድ፣ የግድ ከሆነም ትነቱን ይዞ መልሶ የሚያቀዘቅዝ ዝግ የብረት ማንደጃ ባለበት፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ትነቱን ከርሱ በሚያርቅበት በኩል ቆሞ እንዲሠራ ይነገረው። ከተማ ላለነውም ይመለከተናል፦ በደንብ ያልነደደ ወርቅ ወርቅ ቤት ገብቶ ሲቀልጥ የቀረው ሜርኩሪ እዚያው ክፍል ውስጥ ይተናል።

አፈሩንም ቤት ማምጣት ክልክል ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት ቤተሰቦች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ወደ ግቢያቸው አምጥተው በእህል ወፍጮ ይፈጩት ነበር። ድንጋዩ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ነበረበት። አቧራው ግቢውን ሸፈነው፤ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ400 በላይ ሕፃናትም ሞቱ። ወላጆቹ ለልጆቻቸው እንጀራ ፍለጋ ያደረጉት ነበር። ከቁፋሮ የሚመለስ ሰው ልብሱንና ጫማውን ቀይሮ፣ ታጥቦ ወደ ልጆች ይግባ።

ስለ ጉድጓድ መደርመስ ለወሎ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በደላንታ ወገል ጤና የኦፓል ቁፋሮ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይታወቃል። በማሊ በክረምት ወራት ባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ የሚዘጋው ዝናብ የጠጣ አፈር ስለሚናድ ነው። እኛም ክረምት ሊገባ ሲል ልጅ መላክ የለብንም። በእንጨት ያልተደገፈ፣ አየር የማይገባበት ወይም አንድ ሰው ብቻ የሚቆፍርበት ጉድጓድ ውስጥ እንደማይገባ ቃል ይግባልን።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ወርቁ ከመሸጡ በፊት በሌላ ሚዛን ይመዘን። የቀለጠና ክፍተት የሌለበት ወርቅ ጥራቱ በውሃ ይለካል፦ በአየር ላይ ያለው ክብደት፣ በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል በሚቀንሰው ክብደት ይካፈላል። 19.3 ግራም ንጹህ ወርቅ ውሃ ውስጥ 18.3 ግራም ይመዝናል፤ የቀነሰው አንድ ግራም ስለሆነ ውጤቱ 19.3 ነው። ውጤቱ ከዚህ እየወረደ ሲሄድ ብር ወይም መዳብ መቀላቀሉን ያሳያል። ገዢው «ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው» ብሎ ሲቆርጥ ቆፋሪው ይህን ካወቀ መከራከሪያ አለው።

ፈቃዱም ይታይ። በአገራችን ባህላዊ የማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያን ብቻ ሲሆን ሰጪዎቹም ክልሎች ናቸው። ልጁ የሚቀላቀለው ማኅበር ፈቃድ እንዳለውና ወርቁን በሕጋዊ መንገድ ለብሔራዊ ባንክ እንደሚያቀርብ ይጣራ፤ ፈቃድ በሌለው ቦታ ድርሻውን ቢነጠቅ አቤት የሚልበት የለውም።

በመጨረሻ በወረቀቱ ግርጌ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ የውሉ ድርሻ፣ አብረውት ያሉ የሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥርና የመመለሻ ቀን። እስከዚያ ቀን የተላከው ገንዘብ ለስንቅ ከወጣው ካልበለጠ ልጁ እንዲመለስ ይደወልለት፤ የመሳፈሪያው ገንዘብ አስቀድሞ ተቀምጦለታል።