ሲመሽ ማየት ለምን ይከብዳል? የቪታሚን ኤ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ልጁ ቀን ደህና ነው፤ ሲመሽ ግን ይደናቀፋል

ሲሮጥ የዋለ ልጅ ጀምበር ስትጠልቅ ጥግ ይዞ ከተቀመጠ፣ ፊቱ ያለውን ነገር በእጁ እየዳበሰ ከፈለገ፣ ጨለማ ፈርቶ ነው ብላችሁ አትለፉት። ዳፍንት ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ፦ በድንግዝግዝ የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ሮዶፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋሉ። እሱ ደግሞ ያለ ቪታሚን ኤ አይሠራም። ጉበት ይህን ቪታሚን ለወራት ያጠራቅማል። ስለዚህ ዳፍንት ከታየ ጉድለቱ የትናንት አይደለም፤ ጎተራው ተሟጧል። እንጀራ በሽሮ ሆድ ይሞላል፣ ቪታሚን ኤ ግን ከሞላ ጎደል የለውም። ቆጮና ነጭ በቆሎም ያው ናቸው።

መፍትሄው፦ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዳፍንት በካሮት ብቻ አይታከምም። ሐኪሙ ከፍ ያለ የቪታሚን ኤ መጠን ይሰጠዋል፤ የማታ እይታው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይመለሳል። በዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ ችግሩ እየገፋ ነው። ጥቁሩ ክፍል ከደፈረሰ ወይም ከቆሰለ ግን ለነገ አይባልም፤ ዓይኑ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት። ጉበት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ቅቤና ወተት ቪታሚኑን በቀጥታ ይሰጣሉ። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎና ብርቱካናማው ስኳር ድንች ደግሞ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን ይዘዋል። ይህ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም፤ ጎመኑ ላይ ዘይት ጠብ ይበል። ሕፃናት ጾም አይያዙም፤ ግን ቤቱ ሲጾም ለእነሱ ብቻ ማን እንቁላል ይጠብሳል? እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይዘናጋል።

አዋቂ ሰው ማታ ማየት ሲያቅተው

ከተማ ወይም ውጭ አገር የሚኖር፣ ደህና የሚበላ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። የዓይን ሞራ፣ ሩቅ አለማየት፣ በዘር የሚመጣ የዓይን ሕመም ሊሆን ይችላል። የጉበት በሽታ ያለበት ወይም ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ግን ቪታሚኑም ሊጎድለው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር።

ልጁ ኩፍኝ ይዞታል

ኩፍኝ የቪታሚን ኤ ክምችቱን በፍጥነት ያሟጥጣል፤ ዓይን ከሚያጠፋባቸው መንገዶችም አንዱ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በሁለት ተከታታይ ቀናት ቪታሚን ኤ እንዲሰጥ ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በየቀኑ 100,000፣ ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት። የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው።

መዳፍ ቢጫ ሲሆን

ካሮት ያበዛ ሰው መዳፉ ቢጫ ሊሆን ይችላል። የዓይኑን ነጭ እዩ። ነጭ ከሆነ ካሮቱን መቀነስ ይበቃል። ዓይኑም ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ይሂድ።

ራስ ምታት፣ የከንፈር መድረቅ፣ የፀጉር መርገፍ

እነዚህ ቪታሚን ኤ ሲበዛ የሚታዩ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ከውጭ የተላከ የቪታሚን እንክብል ወይም የዓሳ ጉበት ዘይት የምትወስዱ ከሆነ መጠኑን አንብቡ። ትርፉ በሽንት አይወጣም፣ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 3,000 ማይክሮግራም ሬቲኖል (በቀጥታ የሚገኘው ቪታሚን ኤ)፣ ማለትም 10,000 ዩኒት ገደማ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ይበልጥ ትጠንቀቅ፤ የሬቲኖል ብዛት በጽንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። ለብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይንም የዚሁ ዘመድ ነው። ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ስለ እርግዝና ደጋግሞ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።