ጥቂት ተማሪ ብቻ ለሚቀበሉ የአሜሪካ ኮሌጆች እንዴት አፕላይ ይደረጋል? ሁለቴ ሞክሬ የተማርኩት

ሁለት ጊዜ አፕላይ አድርጌያለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለ9 ኮሌጆች አመልክቼ 9ኙም አልተቀበሉኝም። በሚቀጥለው ዓመት ግን አንዱ ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ ሰጥቶ ተቀበለኝ። በመሀል የትምህርት ውጤቴ አልተለወጠም፣ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተናም ደግሜ አልተፈተንኩም። የተለወጠው የኮሌጅ አመራረጤና አጻጻፌ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

መጀመሪያ ዝርዝር አውጡ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ስታንፎርድና ኤምአይቲ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይቀበሉም። ጎበዝ ተማሪ መሆን እዚያ በር ላይ ያደርሳል እንጂ አያስገባም፣ ምክንያቱም ከሚመለሱት ውስጥም አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ኮመን አፕ (በአንድ ማመልከቻ ለብዙ ኮሌጅ የምታመለክቱበት ድረ ገጽ) እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ይፈቅዳል። እኔ ግን ከ8 እስከ 12 በቂ ነው እላለሁ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ጽሑፍ በደንብ መጻፍ አይቻልም። ስማቸው ብዙ የማይነሳ ትናንሽ ኮሌጆችንም አትለፏቸው። አምኸርስት፣ ቦውዶይን፣ ዊልያምስና ግሪኔል በጣም ጥሩ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ዝርዝሩን ስታወጡ የገንዘቡን ነገር አብራችሁ እዩ፣ በኋላ አትሉት። እኔ ካመለከትኩባቸው 9 ኮሌጆች ሁለቱ ለውጭ አገር ተማሪ በችግር ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ጨርሶ እንደማይሰጡ ያወቅኩት ማመልከቻውን ከላክሁ በኋላ ነው። ድረ ገጻቸው ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጻፍኩት ጽሑፍ ከንቱ ቀረ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኮሌጅ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው፣ ገንዘብ መጠየቃችሁ የመግባት ዕድላችሁን ይነካል ወይ የሚለው ነው። የማይነካ ከሆነ ኒድ ብላይንድ ይባላል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ፣ ቦውዶይንና ብራውን ለውጭ አገር ተማሪም እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው፣ ከተቀበሏችሁ ቤተሰባችሁ የማይችለውን በሙሉ ይሸፍናሉ ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገንዘብ መጠየቃችሁን ከግምት የሚያስገቡ ሆነው፣ ከተቀበሉ ግን ሙሉውን የሚሸፍኑ ብዙ ኮሌጆች አሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ደግሞ የመንግሥት ስለሆኑ በችግር ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ለውጭ አገር ተማሪ አይሰጡም። ለማመልከቻ የሚከፈለውን ገንዘብ ካልቻላችሁ ፊ ዌቨር፣ ማለትም ከክፍያው ነጻ መደረግን፣ ጠይቁ። መብታችሁ ነው፣ አታፍሩበት።

ፈተናን በአጭሩ። ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ብራውንና ዳርትማውዝ የመግቢያ ፈተና ውጤት እንደገና መጠየቅ ጀምረዋል፣ ሌሎቹን እያንዳንዳቸውን አረጋግጡ። ለኤስኤቲ ዝግጅት ብሉቡክ (ፈተናው የሚሰጥበት አፕ) ላይ ያሉት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎችና ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ይበቃሉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ውድ ኮርስ አያስፈልግም።

የእንቅስቃሴዎች ዝርዝር ላይ 10 ቦታ አለ፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚሰጣችሁ 150 ፊደል ብቻ ነው። ክበብና ሽልማት ብቻ የሚቆጠር ይመስላችኋል፣ እኔም መስሎኝ ነበር። ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑ ከሆነ፣ ከትምህርት በኋላ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ፣ የታመመ የቤተሰብ ሰው የምታስታምሙ ከሆነ ይጻፍ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድባችሁም በሐቅ ሙሉት። 10ሩን ለመሙላት ብላችሁ ግን ምንም አትፍጠሩ።

አሁን ወደ ኤሴይው፣ ስለ ራሳችሁ ወደምትጽፉት ጽሑፍ፣ እንምጣ። እኔን የጣለኝ ይሄ ነው።

የኮመን አፕ ዋናው ኤሴይ ከ250 ቃል አያንስም፣ ከ650 አይበልጥም። ከ7 ጥያቄዎች አንዱን ትመርጣላችሁ፣ የመጨረሻው በፈለጋችሁት ጉዳይ ጻፉ የሚል ስለሆነ በምርጫው አትጨነቁ። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ስለ ትምህርት ኃይል ጻፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓለምን የመለወጥ ህልም እንደነበረኝ፣ ፈተናዎች እንዳጠነከሩኝ፣ መሪ መሆን እንደምፈልግ። ከመዝገበ ቃላት የለቀምኳቸው ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩበት። አራት ሰው አረመው፣ ሁሉም አሳምሮ መለሰልኝ። ከዓመት በኋላ ሳነበው ደነገጥኩ። ስሜን አጥፍታችሁ የክፍል ጓደኛዬን ስም ብትጽፉበት አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ውሸት አትሆንም ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ስለ ተቀደዱ መጻሕፍት ጻፍኩ። በትምህርት ቤታችን ላይብረሪ የተገነጠሉ መጻሕፍትን በሙጫና በወረቀት እጠግን ነበር፣ ማንም አላዘዘኝም። ስጠግን አንድ ነገር አየሁ። የፊዚክስ መጽሐፎች ላይ መጀመሪያ የሚገነጠለው ሁልጊዜ የኋላው የመልስ ገጽ ነው። ተማሪው ቤቱ የሚያስረዳው ሰው ስለሌለው መልሱን ቀዶ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መልሶቹን ከነአሠራራቸው በእጄ ጽፌ ላይብረሪው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የቀደዱት ልጆች መጥተው ሲገለብጡ ስህተቴን ያርሙልኝ ጀመር። ኤሴይው ይሄው ነው። ዓለምን መለወጥ የሚል ቃል የለበትም።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለማግኘት ይሄን አድርጉ። ለሁለት ሳምንት ደብተር ይዛችሁ፣ ማንም ሳያዛችሁ የምታደርጉትን፣ የሚያናድዳችሁን፣ ደጋግማችሁ የምታስቡትን ነገር በየቀኑ ጻፉ። ከዚያ አንዱን ምረጡና መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉት፣ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ። ሳትቆጥቡ፣ ለጓደኛ እንደምታወሩ። ቀጥሎ ወረቀቱን ዝጉትና በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ጻፉት። እያያችሁ አትተርጉሙ፤ ከተረጎማችሁ የሰው ልብስ የለበሰ ጽሑፍ ይሆናል። ሳታዩ ስትጽፉ ግን በምትችሉት ቀላል እንግሊዝኛ ይወጣል፣ የምትፈልጉትም እሱን ነው። በኋላ ቆርጡት። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ጽሑፉ ይሻሻላል። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፣ ምላሳችሁ የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ ችግር አለ።

ሁለት ሰው ብቻ ያንብበው። ጥሩ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይላል። ከዚህ በፊት የማታውቀው ምን አወቅክብኝ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣ እንደገና ጻፉ።

ችግርን በተመለከተ፦ ከባድ ነገር ካለፋችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ግዴታ ግን የለባችሁም። ከጻፋችሁ አብዛኛው ቃል በደረሰባችሁ ላይ ሳይሆን እናንተ ባደረጋችሁት ላይ ይዋል። በኤአይ ደግሞ አታስጽፉ። ኮመን አፕ በኤአይ የተጻፈን ጽሑፍ የራስ አድርጎ ማቅረብን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል፣ ያም ባይሆን የሚወጣው ጽሑፍ ያ የመጀመሪያ ዓመት ኤሴዬ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ መግባታችሁን አረጋግጣለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁም ሽሹት።

ለምን እኛን መረጥክ የሚለው ተጨማሪ ጥያቄ ላይም ያው ፈተና ይሠራል። የኮሌጁን ስም በሌላ ብትቀይሩት የሚሄድ ከሆነ ደካማ ነው። ስለ ዝናው አትንገሯቸው። የሚሰጡትን ኮርስ፣ ላብራቶሪያቸውን፣ አንድ የሚሠሩትን ነገር ፈልጋችሁ ከእናንተ ጋር አገናኙት።

የድጋፍ ደብዳቤውን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት። ከፍተኛ ማርክ ከሰጣችሁ መምህር ይልቅ ስትታገሉ ያያችሁ መምህር ይሻላል። ስትጠይቁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጧቸው፦ ክፍል ውስጥ የጠየቃችሁት ጥያቄ፣ አብራችሁ የሠራችሁት ነገር፣ ዴድላይኑ። መምህራን ብዙ ተማሪ አላቸው፣ ሁሉን እንዲያስታውሱ መጠበቅ አይቻልም። ደብዳቤውን ለማየት ያላችሁን መብት ትታችሁ እንደሆነ ፎርሙ ይጠይቃችኋል፣ አዎ ብላችሁ መብቱን ተዉት። ሳታዩት የተጻፈ ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል።

ቀኖቹን ያዙ። የቅድሚያ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1፣ መደበኛው ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ቀናት ይዘጋል። ከቅድሚያ ማመልከቻዎች አንዱ የሆነው ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ከተቀበሏችሁ ትገባላችሁ የሚል ቃል መግባት ስለሆነ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው የሚደረገው፣ ከቤተሰብ ጋር ሳትነጋገሩ አትፈርሙ። ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፉን አውርዳችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለአንዱ ኮሌጅ የላክሁት ጽሑፍ ውስጥ የሌላ ኮሌጅ ስም ቀርቶ ነበር። ያየሁት ከላክሁ በኋላ ነው፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስትልኩ ኮሌጁ የራሱን ፖርታል መግቢያ በኢሜይል ይልክላችኋል። ትራንስክሪፕት፣ ደብዳቤ ወይም የገንዘብ ፎርም ከጎደለ የሚታየው እዚያ ነው። በሳምንት ሁለቴ ክፈቱት፣ የስፓም ሳጥናችሁንም ጨምራችሁ እዩ። የጎደለ ነገር ካለ በዚያው ቀን ለመምህራችሁ ወይም ለሬጅስትራሩ ንገሩ።