ባን ነው፣ ሃከር ነው ወይስ ኔትወርክ? የሰርቫይቫል ጌም ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ረስት፣ ዴይዚ ወይም አርክ የምትጫወት ከሆነ ይሄ ላንተ ነው። እነዚህ ጌሞች ላይ የሰራኸው ነገር ይቆያል። ድንጋይ ፈልጠህ፣ እንጨት ቆርጠህ፣ ሌሊቱን ስትገነባ ያደርከው ቤዝ በማግስቱም እዚያው ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው አንድ ሃከር፣ ማለትም ቺት (የማጭበርበሪያ ፕሮግራም) የሚጠቀም ተጫዋች፣ ሲገባ ጉዳቱ የሚከብደው፤ የሳምንት ልፋት በአሥር ደቂቃ ጠራርጎ ይሄዳል። ያለ ጥፋት ባን መሆንም (መታገድም) እንደዚያው ያማል። እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቻችን የምንጫወተው ጌም ቤት ነው፣ አካውንት እንዋዋሳለን፣ አንዱ ባጠፋ ሌላው ይቀጣል። እና «ባን አደረገኝ» ብሎ ከመጮህ በፊት ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

«ልገባ ስል መልሶ ያስወጣኛል»

ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ኪክ (ለጊዜው ከጨዋታው መውጣት) ነው፣ ባን አይደለም። መልዕክቱን ሳትዘጋ አንብበው፣ በስልክህም ፎቶ አንሳው። «ባን» የሚል ቃል ከሌለበት ተረጋጋ።

ደሴ ላይ ትልቁ መንስኤ መብራት ነው። ጌሙ አፕዴት እያደረገ መብራት ድርግም ካለ አንዳንድ ፋይሎች በግማሽ ይቀራሉ። ፀረ ቺት ፕሮግራሙ፣ ረስት ላይ ኢዚ አንቲ ቺት፣ ዴይዚና አርክ ላይ ባትልአይ፣ የተበላሸ ፋይል ሲያይ በቺት ተነክቶ ይሁን በመብራት ተቆርጦ አያጣራም፤ ያስወጣሃል። መፍትሄው ቀላል ነው። ስቲም (ጌሙን የምትገዛበትና የምትከፍትበት ፕሮግራም) ላይብረሪ ውስጥ ጌሙን በቀኝ ክሊክ ንካ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ ፋይልስ፣ ከዚያ ቬሪፋይ። የተበላሸውን ብቻ ነው መልሶ የሚያወርደው፣ ስለዚህ ጌሙን አጥፍተህ እንደ አዲስ በመጫን ጥቅልህን አትጨርስ።

ካልተስተካከለ ከበስተኋላ ምን እንደተከፈተ እይ። ቺት ኢንጂን፣ ማክሮ የሚሰሩ ፕሮግራሞች፣ ለሌላ ኦፍላይን ጌም የጫንካቸውም ቢሆኑ፣ ዝጋቸው። ዴስክቶፑ ላይ በስተቀኝ ከታች «ቴስት ሞድ» የሚል ጽሑፍ ካለ ዊንዶውሱ ከዚያ ሞድ እስኪወጣ ድረስ ፀረ ቺቱ አያስገባህም።

ቪፒኤንም አለ። በ2015 ማህበራዊ ሚዲያ በተገደበ ጊዜ ሁላችንም ቪፒኤን ጫንን፣ ብዙዎቻችንም እስከ ዛሬ አላጠፋነውም። በርካታ የግል ሰርቨሮች (ጨዋታው የሚካሄድባቸው ኮምፒውተሮች) የቪፒኤን አድራሻ አያስገቡም፣ ምክንያቱም ባን የሆነ ሃከር በአዲስ ስም የሚመለሰው በዚያው መንገድ ነው። ጌም ስትከፍት አጥፋው።

«መብራት ጠፍቶ ስመለስ ራሴን ሞቼ አገኘሁት»

ሃከር አይደለም። ረስትና አርክ ላይ ከሰርቨር ስትወጣ ሰውነትህ አይጠፋም፣ ባለበት ተኝቶ ይቀራል። ሜዳ ላይ ከነበርክ ያለፈ ያገደመ ገድሎ ዘርፎህ ይሄዳል። ለዋይፋዩና ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካለ ቢያንስ ቤዝህ ገብተህ በር ለመቆለፍ ጊዜ ይሰጥሃል። ከሌለ ደግሞ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት ብዙ ዕቃ ተሸክመህ ከቤዝህ አትራቅ።

«ግድግዳ ጀርባ ከገባሁ በኋላ ነው የመታኝ»

እዚህ ላይ ብዙ ንጹህ ሰው በከንቱ ይሰደባል። ከእኛ ቅርብ የሚባሉት ሰርቨሮች አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ናቸው፣ ፒንጋችንም (መልዕክታችን ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከፍ ይላል። አስላው፦ በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ 1 ሜትር ይሄዳል። አንተ ስክሪንህ ላይ ግድግዳውን አልፈሃል፣ እሱ ግን ገና በሩ ላይ ቆመህ ነው የሚያይህ። ተኮሰ፣ መታህ፣ ሰርቨሩም ልክ ነው አለው። ለእሱም አንተ ድንገት ዘለህ የምትወጣ ሃከር ልትመስለው ትችላለህ።

ፒንጉ ዝቅ ያለ ሰርቨር ምረጥ። ከቻልክ ከዋይፋይ ይልቅ በኬብል ተገናኝ። ጎንህ ያለው ልጅ ቪዲዮ እያወረደ ከሆነም ንገረው፣ ጌም ቤት ውስጥ ግማሹ ላግ ከዚያ ነው የሚመጣው።

«ይሄኛውስ በእርግጥ ሃከር ነው»

ይኖራል። ምልክቱ አንድ ጥሩ ተኩስ አይደለም፤ ጥሩ ተጫዋች በሺህ ሰዓት ልምምድ የሚመታውን ይመታል። ትኩረትህ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ማወቁ ላይ ይሁን። ረስት ላይ መሬት ውስጥ የምትቀብራት ትንሽ ከረጢት አለች፣ ስታሽ ይሏታል። ከተቀበረች በኋላ በዓይን አትታይም። አንዳንድ የሰርቨር አድሚኖች ሆን ብለው ማንም በማያልፍበት ቦታ ይቀብሯታል። መንገዱን ትቶ፣ ሳያመነታ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ የሚቆፍራት ሰው በግድግዳና በአፈር ውስጥ የሚያሳይ ቺት እንዳለው ይታወቃል። አንተም እንደዚያ ተመልከት። ቤዝህ ውስጥ ካሉት ሳጥኖች ሁሉ ዕቃ ያለበትን አንዱን ብቻ ነው ወይ ሰብሮ የገባው? በሦስት ግድግዳ ጀርባ ስትንቀሳቀስ መሳሪያው ይከተልሃል?

ከሆነ ረስት ላይ ኤፍ 7 ተጫን፣ ስሙን መርጠህ ሪፖርት አድርግ። ኤፍ 1 ከፍተህ «ኮምባትሎግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፍ ማን፣ በምን መሳሪያ፣ ከምን ያህል ርቀት፣ የቱ ላይ እንደመታህ ይዘረዝርልሃል። ፎቶ አንስተህ ለሰርቨሩ አድሚን ላክ። ሪፖርት ያደረግከው ሰው ሲታገድ ረስት ራሱ ያሳውቅሃል፣ ስለዚህ ሪፖርት ዋጋ የለውም አትበል። በቻት መሳደብ ግን ራስህን ያስባርርሃል።

የተዘረፈው አይመለስም። ረስት በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ሁሉም ሰርቨር ላይ ካርታውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምራል። ሐሙሱ ቅርብ ከሆነ ጠብቅ፣ ሩቅ ከሆነ አድሚኑ በንቃት የሚከታተለው ሌላ ሰርቨር ግባ። ተበሳጭተህ «እኔም ቺት ልጫን» ማለት በዚህች ሰዓት ነው የሚመጣው። ብዙ ጎበዝ ልጅ ያጣነው በዚህች ሰዓት ነው።

«ወላሂ ምንም አልነካሁም፣ ባን ሆንኩ»

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች በአንዱ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ። «ጋሼ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም!» ባለቤቱም አመነው። ጠዋት እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ልጅ ቺት ሞክሮ ነበር። አንዳንድ ጌሞች አካውንቱን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም ይመዘግባሉ፤ የታገደ ማሽን ላይ የገባ አዲስ አካውንት ባን እንደሚሸሽ ተቆጥሮ አብሮ ሊታገድ ይችላል። በአንድ ዋይፋይ የምንጫወተው ሁሉ ደግሞ ለሰርቨሩ የምንታየው በአንድ አድራሻ ነው፣ አድሚኑ አድራሻውን ከዘጋው ቤቱ በሙሉ ይዘጋል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ጌምህን በስቲም ፋሚሊ ለወንድምህ ካጋራህና እሱ ባንተ ኮፒ ቺት ሲጫወት ከተያዘ ባለቤቱ አንተም በዚያ ጌም ትታገዳለህ። የአንድ ስልክ ቁጥር ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእናትህ ሲም ሦስት የስቲም አካውንት ተመዝግቦ አንዱ ቫክ (የስቲም የራሱ ፀረ ቺት) ባን ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት በቁጥሩ የነበሩት ሌሎቹም ይታገዳሉ። ለየራሳችሁ ቁጥር ይኑራችሁ። ከሃከር ጋር አንድ ቡድን ሆኖ መጫወትም በብዙ የግል ሰርቨር ያስባርራል፣ ባታውቅም።

በቴሌግራም አካውንት የሚገዙም አሉ። ቫክ ባን ቺቱ በተያዘበት ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ሆን ተብሎ ዘግይቶ ይለቀቃል። ስለዚህ የድሮው ባለቤት ያጠፋውን አንተ ከከፈልክ በኋላ ትታገድበታለህ። ባን ባይመጣ እንኳ ሻጩ በድሮ ኢሜይሉ መልሶ ሊወስደው ይችላል። አካውንት መሸጥ መግዛት በስቲም ደንብ ክልክል ስለሆነ አቤት የምትልበት ቦታም የለህም። ብርህን አታጥፋ።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ ባኑ የማን እንደሆነ ለይ። አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ የአድሚኑ ነው፤ ዲስኮርዳቸው (የሰርቨሩ የመወያያ ገጽ) ላይ ገብተህ በትህትና፣ በአጭሩ፣ ከፎቶ ጋር ጻፍ። ጌም ቤት እንደምትጫወት ከመጀመሪያው ንገራቸው። ሁሉም ሰርቨር ላይ ከሆነ የጌሙ ባን ነው። ይግባኙ የሚገባው ለኢዚ አንቲ ቺት፣ ለባትልአይ ወይም ለጌሙ ሰሪ ነው፣ ስቲም ሊያነሳልህ አይችልም። ቫክ ባን ከሆነ ቋሚ ነው፣ ድርድር የለውም። አንድ ጊዜ ጻፍ፣ እውነቱን ጻፍ፣ ጠብቅ። «ብር ክፈልና ባን እናነሳለን» የሚሉህ ሌቦች ናቸው።

«ቺቱን አውርጄ ከፍቼው ነበር፣ አልሰራም»

አልሰራም ማለት ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። በነጻ ከሚታደሉት ብዙዎቹ የተሰሩት ፓስወርድ ለመስረቅ ነው። ብሮውዘር ላይ የተቀመጠ ፓስወርድ፣ የስቲም መግቢያ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት የተተወ ቴሌግራም፣ ሁሉንም ያነሳሉ። ከሌላ ንጹህ ስልክ የኢሜይልህን ፓስወርድ ቀይር፣ ቀጥለህ የስቲምን፣ ስቲም ጋርድ (ስትገባ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን) አብራ፣ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ ገብተህ የማታውቀውን ሁሉ አባር። ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን።

ለጌም ቤት ባለቤቶች

ደንበኛ የሚቀመጥበት የዊንዶውስ አካውንት አድሚን አይሁን። ስታንዳርድ ዩዘር ካደረጋችሁት የአድሚን ፈቃድ የሚጠይቅ ፕሮግራም ያለ ፓስወርዳችሁ አይጫንም፣ አብዛኛው ቺት ደግሞ ያንን ፈቃድ ይፈልጋል። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ማሽን ላይ እንደተቀመጠ ደብተር ላይ ጻፉ፤ የዋህ ልጅ ሲታገድ ከይግባኙ ጋር የሚላክ ማስረጃ ይሆናል። አንድ ማሽን ላይ ባን ከመጣ ለቀጣዩ ልጅ ሳትነግሩ አታስቀምጡት።