ጓሮ የምታጠፋ ጥንቸልን በሳጥን ወጥመድ ስለ መያዝ

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከታኅሣሥ በኋላ የግጦሹ ሣር ሲደርቅ፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው በመስኖ የሚለማው መሬትና የጓሮው ጎመን ብቻ ነው። በመራዊ አካባቢ በቆጋ ግድብ ውኃ የሚለማውን ማሳ ወይም በምንጭ የሚጠጣ አንድ የካሮት መደብ በዚያ ወቅት ያየ ሰው፣ ጥንቸል ለምን ወደ አጥር እንደምትጠጋ ለመረዳት አይቸገርም። ወጥመድ የሚያስፈልገውም በዋናነት በእነዚህ የበጋ ወራት ነው፤ ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲለመልም ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቀንሳል።

ሳጥኑ ከመሠራቱ በፊት አጥፊዋ በእርግጥ ጥንቸል መሆኗን ማረጋገጥ ይገባል። ጥንቸል ከላይም ከታችም ስለታም የፊት ጥርሶች ስላሏት፣ የበላችው ቀንበጥ በምላጭ እንደተቆረጠ ሰያፍና ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ፍየልና ሚዳቋ ግን የላይ የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ቅጠሉን ስበው ይበጥሱታል፤ የቀረው ጫፍም የተቦጫጨቀ ይሆናል። ድንቹ ተቆፍሮ ከተገኘ ጃርትን፣ ተክሉ ከላይ ሳይነካ ሥሩ ተበልቶ ከጠወለገ ደግሞ ፍልፈልን መጠርጠር ይሻላል፤ ለሁለቱም ይህ ሳጥን አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚደክመው በሳጥኑ አሠራር ላይ ቢሆንም፣ ውጤቱን የሚወስነው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የአገራችን የዱር ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍራ አትኖርም፤ ቀኑን በሣር ወይም በቁጥቋጦ ሥር ተጋድማ ታሳልፍና ሲመሽ ለመብል ትወጣለች። ስለዚህ መኖሪያዋን ከመፈለግ ይልቅ መግቢያዋን መፈለግ ያዋጣል። የምትመላለሰው በለመደችው መንገድ ስለሆነ፣ በማለዳ አጥሩን በዝግታ እየዞረ ከሥር ከሥሩ የሚመለከት ሰው የተረገጠ ቀጭን የሣር መንገድ፣ ክብና ደረቅ ፋንድያ፣ እንዲሁም በእሾሁ ላይ የተጠመጠመ ግራጫ ጸጉር ያገኛል። ሳጥኑ የሚቀመጠው እዚያ ሽንቁር ላይ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ ነው፤ ሌሎቹ ሽንቁሮች በእሾህ ይደፈናሉ። በጎመን መካከል ጎመን ማባበያ ሊሆን አይችልምና፣ ሳጥኑን መደቡ መሃል አስቀምጦ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም።

ለሥራው ጣውላ፣ ጥቂት ሞራሌ፣ ሚስማር፣ የሽቦ መረብና ገመድ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ጣውላ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ቢሆንም፣ እርጥቡ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ በጥላ ሥር በደንብ የደረቀውን መምረጥ ያስፈልጋል። በእንጅባራ በኩል ላሉ ሰዎች የተሰነጠቀ ቀርከሃም ለግድግዳው ይሆናል፤ ጥንቸሏ ስትገባ ከላይ የሚወርደው መዝጊያ ግን ከጣውላ መሆን አለበት፤ ቀርከሃው ቀላል ስለሆነ በፍጥነት አይወርድም። ሳጥኑ ከውስጥ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ጥሩ ነው። ከዚህ ካጠረ መዝጊያው በጥንቸሏ ጀርባ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የኋላው ጫፍ በጣውላ አይደፈንም፤ ጠንካራ የሽቦ መረብ ይመታበታል። ጥንቸል ጨለማና መውጫ የሌለው ወደሚመስል ቦታ ለመግባት ታመነታለችና፣ ብርሃንና የጓሮው ቅጠል በመረቡ በኩል ሲታያት ግን በቀላሉ ትገባለች።

መዝጊያው በሳጥኑ አፍ በግራና በቀኝ በተመቱ ሁለት ሁለት ሞራሌዎች መካከል ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ነው። በክፍተቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልል ሆኖ መሠራት አለበት፤ ተጣብቆ የተሠራ መዝጊያ የሌሊት ጤዛ ሲያገኘው ያብጥና ይያዛል። የሚንሸራተትበትን ጎን በጧፍ ቅሪት መቀባት ይጠቅማል። ከዚያም በሳጥኑ የላይ ክዳን ላይ፣ ከአፉ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ባላ ይተከላል። በባላው ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ይጋደማል፤ የፊት ጫፉ በገመድ ከመዝጊያው ጋር ይታሰራል፤ ከኋላው ጫፍ ደግሞ የማስፈንጠሪያው እንጨት ይንጠለጠላል።

ጥንቃቄ የሚሻው ይህ የማስፈንጠሪያ እንጨት ነው። ከኋላው መረብ 25 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በክዳኑ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳል። እንጨቱ በቀዳዳው ገብቶ ከወለሉ አራት ጣት ያህል ከፍ እስኪል ድረስ ይወርዳል። በክዳኑ ልክ በሚያርፍበት ቦታ በቢላ ጎድጎድ ተደርጎ ጥርስ ይወጣለታል፤ ይህ ጥርስ ከክዳኑ በታች በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሲያዝ፣ የመዝጊያው ክብደት በዘንጉ በኩል እንጨቱን ወደ ላይ እየሳበ አጥብቆ ይይዘዋል። ጥንቸሏ ስታልፍ እንጨቱን በአፍንጫዋ ወይም በደረቷ ስትገፋው ጥርሱ ይለቅቅና መዝጊያው ይወርዳል። ጥርሱ በጣም ጥልቅ ከሆነ ብትገፋውም አይለቅም፤ በጣም ስስ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ይበቃዋል። በቀጭን ቅርንጫፍ እየነኩ፣ በቀላል ግፊት እስኪለቅ ድረስ ጥቂት በጥቂቱ መጥረብ ነው።

አዲስ ሳጥን የጣውላና የሰው እጅ ሽታ ስለሚኖረው፣ በአፈርና በጎመን ቅጠል ታሽቶ ለጥቂት ቀናት መዝጊያው ወደ ላይ ታስሮ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ጥንቸሏ ስትመላለስበት ከታየ በኋላ ይጠመዳል። የሚጠመደው ፀሐይ ስትጠልቅ ዶሮዎች ከገቡ በኋላ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ይታያል፣ ቀን ላይ ተዘግቶ ይውላል። በሽቦ ወስፈንጥር መያዝ ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ የጎረቤት ውሻና ግልገል እግሩን የሚያጣበት መሣሪያ ነው።

የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ ከማጥመድ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት የተቆጠረች በመሆኗ በአካባቢያችን ለሥጋዋ የሚፈልጋት ክርስቲያን የለም፤ ስለዚህ ከተያዘች በኋላ የት እንደምትለቀቅ ከባለሙያው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። የተያዘች ጥንቸል በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ሳጥኑ ወዲያው በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈናል፤ ጨለማው ያረጋጋታል። እጅ አስገብቶ በጆሮዋ መጎተት ለእሷም ለያዡም አደጋ ነው፤ በኋላ እግሯ ስትራገጥ ክፉኛ ትቧጭራለች። ሳጥኑን ከነሽፋኑ ተሸክሞ መሄድና መሬት ላይ አስቀምጦ መዝጊያውን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ጡቷ ያበጠና ጸጉሩ የሳሳ ከሆነ የምታጠባ ናትና፣ ግልገሎቿ በአቅራቢያው ሣር ውስጥ ስለሚኖሩ እዚያው አጥሩ ውጭ መልቀቅና ሽንቁሩን በዚያው ቀን መድፈን ነው። ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ወለሉ በውኃና በአመድ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል፤ ያጠበውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል።