በብራዚል ዘፈን ውስጥ የተዋጡ ቀለሞችን እንዴት ለይቶ መስማት ይቻላል

የፖርቱጋልኛውን ግጥም በእጁ ይዞ ሳምባ ወይም ቦሳ ኖቫ የተባሉትን የብራዚል ሙዚቃ ስልቶች የሚያዳምጥ ሰው ግራ የሚገባው፣ በወረቀቱ ላይ ያሉት ቀለሞች (የቃላት ክፍለ ድምፆች) በጆሮው ከሚገቡት ስለሚበዙበት ነው። ዘፋኙ የሚከተለው የዕለት ተዕለቱን አነጋገር እንጂ የጽሑፉን ሆሄ አይደለም።

በመጀመሪያ አጥረው የሚነገሩትን ቃላት ይልመዱ። አንተ ወይም አንቺ ማለት የሆነው «ቮሴ» «ሴ» ይሆናል፤ ነው ማለት የሆነው «ኢስታ» «ታ»፣ ለ ወይም ወደ የሚለው «ፓራ» ደግሞ «ፕራ» ይባላሉ። እንሂድ ለማለት የሚነገረው «ቫሙስ ኢምቦራ» ከ5 ቀለም ወደ 3 ወርዶ «ቫምቦራ» ይሆናል። በንዑስ አንቀጽ (እንደ «መዝፈን» ባለው የግሥ ቅርጽ) መጨረሻ ያለችው «ር»ም አብዛኛውን ጊዜ ስለማትሰማ፣ መዝፈን ማለት የሆነው «ካንታር» እዚያ ከሚለው «ላ» ጋር ቤት ሊመታ ይችላል።

ቀጥሎ አናባቢ ከአናባቢ የሚጋጠምበትን ቦታ ያስምሩ፤ እኛ «የእኔ» ብለን ጽፈን «የኔ» እንደምንለው፣ ብራዚላውያንም ሁለቱን ወደ አንድ ይጨፈልቃሉ። «ቮሴ ኢስታ አኪ» (እዚህ ነህ) ረጋ ተብሎ ሲነገር 6 ቀለም አለው፤ ሲያጥር «ሴ ታ አኪ» 4፣ ሲዋዋጥ «ሴ ታኪ» 3 ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ገጣሚው ያንኑ ሐሳብ በሦስት ልክ የተሰፋ ልብስ አድርጎ ይዞታል፤ ዜማው የሚጠይቀውን ይመርጣል። ይህን ስንፍና ብሎ መቁጠር ስህተት ነው። ስንኙን ሲለኩ፣ በፖርቱጋልኛ የግጥም ሥርዓት መሠረት ቆጠራውን በመጨረሻው ጠበቅ ተደርጎ በሚነገረው ቀለም ላይ ያቁሙ።

ከዚያ በጭብጨባ ሁለት ሁለት እየመቱ ያዳምጡ፤ ጠንካራው ቀለም ከምቱ ቀድሞ ሲገባ ይሰማሉ።

ለመለማመጃ የቦሳ ኖቫው ደራሲ ቶም ዦቢም በ1972 እ.ኤ.አ. የደረሰውን «አግዋስ ጂ ማርሱ» የተባለ ዘፈን፣ በተለይም በ1974 ከዘፋኟ ኤሊስ ሬዢና ጋር በሎስ አንጀለስ የቀረጸውን ቅጂ ይምረጡ። መጀመሪያ ላይ እንጨት፣ ድንጋይ፣ መጨረሻ፣ መንገድ የሚሉት «ፓው፣ ፔድራ፣ ፊን፣ ካሚኙ» በሙሉ ቅርጻቸው ይዘፈናሉ። ወደ መገባደጃው ግን የቃላቱ አፍ ይቆረጥና «አው፣ ኤድራ፣ ኢን፣ ኢኙ» ብቻ ይቀራል። የተነባቢው ምት ሲጠፋ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ሙሉውን ዝርዝር አስቀድሞ የሰማው አድማጭም የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። ወረቀቱን አጥፈው ይህን ክፍል ደጋግመው ይስሙ፣ የሰሙትን ብቻ ይጻፉ፣ ከዚያም ከሙሉው ግጥም ጋር ያስተያዩ፤ ከአራቱ ቃላት ብዙ የጎደለበት «ካሚኙ» መሆኑን ያገኙታል።