የፍላሽ ቀለም ጄል ቤታችሁ ስትሠሩ እነዚህን አትሳሳቱ

ባለፈው ጥር አንድ ጀማሪ ልጅ ሰርግ ላይ ሊያግዘኝ መጣ። ፍላሹ ላይ ቀይ የስጦታ መጠቅለያ በላስቲክ አስሯል። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «ጄል ነው ጋሼ፣ ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለኝ፤ ጄል የምንለው የብርሃኑን ቀለም ለመቀየር ፍላሹ ፊት ላይ የሚደረግ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ሙሽራዋን አነሳት። ነጭ ቬሎ የለበሰችው ልጅ በርበሬ የተደፋባት መስላ ወጣች።

አልፈርድበትም። እኔም ባሕር ዳር ላይ ሥራ ስጀምር ዋናውን ጄል መግዣ አልነበረኝም። በክላሰር ሽፋን፣ በስጦታ መጠቅለያ፣ በከረሜላ ልባስ ሳይቀር ሠርቻለሁ። ይሠራል።

የልጁ ስህተት ጄልን ማስዋቢያ ብቻ አድርጎ ማየቱ ነው። የጄል ዋና ሥራ የፍላሹን ብርሃን በቦታው ካለው ብርሃን ጋር ማስማማት ነው። የፍላሽ ብርሃን 5500 ኬልቪን አካባቢ ነው (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ብርቱካን ያደላል)፣ ከቀን ብርሃን ጋር ይቀራረባል። የድሮው ቢጫ አምፖል ግን 2800 ገደማ ነው። የመልስ ድንኳን ውስጥ በቢጫ አምፖል ሥር በባዶ ፍላሽ ስታነሱ ሙሽሮቹ ነጭ፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ደግሞ ብርቱካን ይሆናሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሩት ጄል ብርቱካናማ ነው። ቀዩና ሰማያዊው ይደርሳል።

ቀለሙን በዓይን ብቻ አትምረጡ፤ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። ማታ ነጭ ነጠላ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። በአንድ በኩል ቢጫ አምፖል አብሩ፣ በሌላው በኩል የፍላሹን ኃይል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ፎቶውን እዩት፤ ነጠላው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይመስላል። አንድ ድርብ ፕላስቲክ ጨምሩና ድገሙት። ሁለቱ ወገን እስኪመሳሰል ድረስ እየደረባችሁ ቀጥሉ። እኔ ጋ ሁለት ድርብ በቅቶኛል፤ የእናንተ ፕላስቲክ ሳሳ ያለ ከሆነ ሦስት ሊፈልግ ይችላል። ልኩን ስታገኙ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ በሚቀጥለው ሰርግ አታስታውሱትም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አውቶ ዋይት ባላንስ! ዋይት ባላንስ ነጩ ነገር ፎቶው ላይ ነጭ እንዲሆን የሚያደርገው የካሜራ ቀለም ማስተካከያ ነው፤ አውቶ ላይ ሲሆን ካሜራው በራሱ ይገምታል። ስንቱን ልጅ ቁጭ አድርጌ ነገርኩ፣ አሁንም ስልክ ይደወልልኛል። «ጋሼ፣ ጄሉ አልሠራም፣ ሁሉም ሰው ብርቱካን ሆነ።» ዋይት ባላንሱ ስንት ላይ ነበር? «አውቶ።» አንዳንዱ ካሜራ ፍላሽ መኖሩን ሲያውቅ ብርሃኑን እንደ ተራ የፍላሽ ብርሃን ይቆጥረዋል፤ ሰው ሁሉ ብርቱካን ሆኖ ይወጣል። ሌላው ካሜራ ደግሞ ብርቱካኑን ያይና «ይሄ መጥፋት አለበት» ብሎ ይታገለዋል፤ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው መሃል ላይ። ከዚያ 400 ፎቶ አንድ በአንድ ስታርሙ ታድራላችሁ። ጄል ከለጠፋችሁ ካሜራውን ራሳችሁ 3200 አካባቢ አድርጉትና እጃችሁን አንሱ። አስቸጋሪ ነገር አይደለም፣ አንድ ቁጥር ነው!

ይህን ያወቀ ሰው ጣና ዳር ምን እንደሚያገኝ ልንገራችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ፣ ሙሽሮቹን ሐይቁን ጀርባ አድርጋችሁ አቁሟቸው። ዋይት ባላንሱ 3200፣ ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ጄል። ሐይቁና ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ የሙሽሮቹ ፊት ግን የራሱን መልክ ይይዛል። በአውቶ ይህን ፎቶ መጠበቅ ዕድል መሞከር ነው።

አምፖል ሁሉ ቢጫ አይደለም። ዛሬ ብዙ ድንኳን ውስጥ የሚሰቀለው ነጭ ኤልኢዲ ነው፤ ከልማድ ብርቱካናማ ብትለጥፉበት ራሳችሁ ችግር ፈጠራችሁ። አረንጓዴ የሚጫነው ነጭ ዘንግ መብራት (ፍሎረሰንት) ካለ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ሳሳ ያለ አረንጓዴ ነው። መጀመሪያ ቀና ብላችሁ እዩ። ቀና ስትሉ የድንኳኑን ጣሪያም እዩት፤ ሸራው ባለቀለም ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ አዙራችሁ ብታበሩ ሸራው ራሱ ሌላ ጄል ይሆንባችኋል።

ሙቀቱን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ ሰርግ ላይ የከረሜላ ልባስ ፍላሹ ፊት ላይ አጣብቄ ለጠፍኩ። ጭፈራው ሲደራ ፍላሹን በሙሉ ኃይል፣ ዙሙን አጥብቤ፣ ያለ ፋታ እለዋለሁ። የሆነ ነገር ሸተተኝ። ወጥ ቤት የሆነ ነገር ያረረ መስሎኝ ዞር አልኩ። የኔው ነበር። ልባሱ ቀልጦ ፍላሹ ፊት ላይ ተጣብቋል። ቡናማው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፤ ያ ፍላሽ አሁን ያለ ጄልም ትንሽ ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል። ፕላስቲኩንና ፍላሹን ትንሽ አራርቋቸው፤ በካርቶን ፍሬም መሥራት ይቻላል። ከግማሽ ኃይል በላይ ደጋግማችሁ አታብሩ።

ካርቶኑ ግን የፍላሹን አፍ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። በጎን የሚያመልጥ ነጭ ብርሃን ቀለሙን ያቀጥነዋል።

ጄል ብርሃን ይበላል። የሚለካው በስቶፕ ነው፤ አንድ ስቶፕ ቀነሰ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሙሉው ብርቱካናማ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ አካባቢ፣ ጥቁር ሰማያዊው ሦስት ስቶፕና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ከስምንት እጅ ብርሃን አንድ እጅ ቢቀር ነው። ቲቲኤል ላይ ከሆናችሁ፣ ማለትም የፍላሹን ኃይል ካሜራው ራሱ የሚለካ ከሆነ፣ ካሜራው ያካክሳል፣ ማኑዋል ላይ ግን እናንተ ናችሁ የምትጨምሩት።

ቀይና ሰማያዊ ደርቦ ወይን ጠጅ ቀለም የሚጠብቅ ሰው አለ። የሚያገኘው ጨለማ ነው።

የጀርባው ግድግዳ ላይ የጄሉን ቀለም ማድመቅ ስትፈልጉ ኃይል አትጨምሩ፣ ቀንሱ። ሲበዛ ቀለሙ ይነጣል።

በማርከር የተቀባ ስኮች ለአንድ ፎቶ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጣታችሁን ነው የሚቀባው።

ዘጌ ስትሻገሩ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎቹ ፊት «ጄል ለጥፌበታለሁ» ብላችሁ ፍላሽ እንዳታበሩ። ጄል ያለበትም ፍላሽ ነው።

ማታ ሐይቅ ዳር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጄሉን በስኮች አትለጥፉ። ብርሃኑ ትንኝ ይጠራል፣ ሙጫው ይይዛል። አንዴ ጄሌን ስነቅል ጠርዙ ላይ ጢም ያበቀለ ይመስል ነበር። ላስቲክ ይበቃል።